የታደሱ የኮምፒውተር ክፍሎች በእንጦጦ ከፍታ፦ በኢንተርኔት መግዛት የሚያዋጣው መቼ ነው?

የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪና የምርምር ማዕከል የሚገኘው ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከኢቲአርኤስኤስ-1 መረጃ ለመቀበል የምድር ጣቢያ የተተከለውም በዚሁ ተራራ ላይ ነው። ለሥነ ፈለክ ምልከታ ከፍታው ጸጋ ነው፤ በመሣሪያውና በከዋክብቱ መካከል ያለው አየር ይሳሳል። ያው የሳሳ አየር ለኮምፒውተር ግን ሌላ ትርጉም አለው። የብዙ ሃርድ ዲስኮች የአምራች ሰነድ ዕቃው በሥራ ላይ ሳለ ሊኖርበት የሚችለውን የመጨረሻ ከፍታ 3,048 ሜትር ብሎ ይወስናል፤ 10,000 ጫማ ማለት ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እስከ ኦብዘርቫቶሪው የሚወጣ ሰው ይህን መስመር ሳያውቀው ይሻገረዋል። በኢንተርኔት የታደሰ ዲስክ የሚሸጥ ነጋዴ ይህን ቁጥር በማስታወቂያው ላይ አይጽፍም፤ ገዢውም አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቅም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ያልተጠየቀ ጥያቄና መሰሎቹን ነው። የሳተላይት ምስል የሚተነትን፣ የአየር ንብረት ሞዴል የሚያስኬድ ወይም በማሽን ለርኒንግ የሚሠራ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ከላፕቶፑ አቅም በላይ የሆነ ማሽን ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የአዲስ ዕቃ ዋጋ ከተማሪ ኪስ በራቀ ቁጥር ዓይን ወደ ታደሰው ዕቃ ማማተሩ የሚጠበቅ ነው። የተቋማት ግዢ ደግሞ በፕሮፎርማና በጨረታ የሚሄድ በመሆኑ፣ ዛሬ ታይቶ ነገ ለሚጠፋ የኢንተርኔት ማስታወቂያ አይመችም። ስለዚህ ግዢው በግል፣ በዘመድ በኩልና በራስ ኃላፊነት ይፈጸማል። የታደሰ ዕቃ መግዛት ደግ ነው ወይስ ክፉ ብሎ በጅምላ መከራከር ብዙ አያራምድም። መልሱን የሚወስኑት የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ጉድለቱ በምርመራ መታወቅ መቻሉና ከተበላሸ የሚመለስበት መንገድ መኖሩ ናቸው።

«የታደሰ» የሚለው ቃል ምን ይሸፍናል?

በአዲስ አበባ ገበያ «ፓክድ»፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» እና «ዩዝድ» የሚሉት ቃላት ሥራቸውን አውቀው ይኖራሉ፤ ሻጭም ገዢም ልዩነታቸውን ያውቃል። «የታደሰ» የሚለው ግን በመካከላቸው የሚዋልል ነው። በአንድ ጫፍ አምራቹ ራሱ ተረክቦ፣ ፈትሾና የጎደለውን ተክቶ ዳግም የሚሸጠው ዕቃ አለ። በሌላው ጫፍ አቧራው ተራግፎና ተለጣፊ ወረቀቱ ተቀይሮ የተሸጠም በዚሁ ስም ይጠራል። ኢቤይ እነዚህን ለመለየት «የተረጋገጠ»፣ «እጅግ ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» እና «ጥሩ» የሚሉ ደረጃዎችን አውጥቷል፤ አማዞንም «ሪኒውድ» በሚለው መደብ ለሚሸጣቸው ዕቃዎች በመደበኛነት የ90 ቀን ዋስትና ይሰጣል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ከደረጃዎቹ ብዙዎቹ የሚመዝኑት የውጭ ገጽታን መሆኑ ነው። የላፕቶፕ ክዳን መጫሩን ይነግሩናል፤ የዲስክ ሞተር ስንት ሺህ ሰዓት እንደዞረ ግን አይነግሩንም።

የተጻፈው ዋጋ የማን ዋጋ ነው?

በኢንተርኔት የሚታየው ዝቅተኛ ዋጋ ዋስትናን ጨምሮ የተተመነ ነው። ቺካጎ ወይም በርሊን ያለ ገዢ የማይሠራ ዕቃ ከደረሰው አሽጎ ይመልሳል፤ ገንዘቡም ይመለስለታል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ያንኑ ዋጋ ይከፍላል እንጂ ያንኑ መብት አይገዛም። የመመለሻው የመላኪያ ክፍያ ብቻውን ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ላይ ብዙው ዕቃ የሚመጣው በመደበኛ መላኪያ ሳይሆን በውጭ አገር ባለ ዘመድ አድራሻ በኩል፣ ከዚያም በመንገደኛ ሻንጣ ነው። የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና ዕቃው መጀመሪያ ከደረሰበት አድራሻ ወደ ሌላ ቦታ ከተላለፈ አይሸፍንም። በሌሎቹም መድረኮች ቢሆን ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ዕቃው ዘመድ ቤት ከደረሰበት ዕለት አንሥቶ ነው። ዘመድ ለበዓል እስኪመጣ ሦስት ወር ከተጠበቀ፣ ዋስትናው ገዢው ዕቃውን ሳያየው ያልቃል።

ነገሩን በግምታዊ ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ክፍል አዲስ አበባ ውስጥ አዲሱ 200 ዶላር በሚያህል ብር ይሸጣል እንበል፤ የታደሰው በኢንተርኔት 90 ዶላር፣ ማስመጫው ቀረጥን ጨምሮ 30 ዶላር ይሁን። ከተበላሸ የማይመለስ ከሆነና የመበላሸት ዕድሉ 20 በመቶ ከሆነ፣ የሚሠራ አንድ ዕቃ ለማግኘት በአማካይ የሚወጣው 120 ዶላር ለ0.8 ተካፍሎ 150 ዶላር ይሆናል። ዕድሉ 40 በመቶ ሲደርስ ስሌቱ 200 ዶላር ይሰጣል፤ ማለትም የታደሰው ከአዲሱ ጋር እኩል ይመጣል። በገንዘብ ብቻ ሲታይ ይህ ለታደሰው ዕቃ ሰፊ ቦታ ይተዋል። ጊዜ ሲጨመርበት ግን መልኩ ይለወጣል። አንዱ ሙከራ ሁለት ወር የሚፈጅ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ተበላሽቶ ሁለተኛው እስኪመጣ አራት ወር ይሄዳል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንድ መንፈቅ ማስረከብ ያለበት ተማሪ ያን አራት ወር የሚገዛበት ገበያ የለውም። ስለዚህ በውጭ አገር የታደሰ ዕቃ መግዛት የሚመከረው ሥራው ያለ ዕቃው መቀጠል ለሚችል፣ ዕቃው ሲመጣ ደግሞ ለሚፋጠንለት ሰው ነው። ዕቃው ካልመጣ ሥራው የሚቆምበት ሰው ውድ ቢሆንም እዚሁ ቢገዛ ይሻለዋል።

ክፍሎቹ እኩል አያረጁም

ብዙ ጊዜ ገዢዎች ሳይገባቸው የሚፈሩት ፕሮሰሰርን ነው። ፕሮሰሰር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ በተፈቀደለት ሙቀትና ቮልቴጅ የሠራ ከሆነ ከማዘርቦርዱ ቀድሞ የሚሞትበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የመረጃ ማዕከላት ሰርቨሮቻቸውን በየጥቂት ዓመቱ ሲቀይሩ የሚወጡት ፕሮሰሰሮች ገበያውን ያጥለቀልቃሉ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ዚዮን ኢ5-2680 ቪ4 ባለ 14 ኮር ሲሆን፣ ሲወጣ የተመከረው ዋጋ 1,745 ዶላር ነበር፤ ዛሬ በጥቂት አሥር ዶላሮች ይገኛል። በብዙ ኮሮች የሚከፋፈል ስሌት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ የዋጋና የአቅም ምጣኔ ማግኘት ያስቸግራል። ችግሩ ያለው ፕሮሰሰሩን የሚሸከመው ሰሌዳ ላይ ነው። «ኤክስ99» ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት ማዘርቦርዶች ብዙዎቹ ከአሮጌ ሰሌዳ የተነቀለ ቺፕ የተሸጠባቸው ናቸው፤ ስማቸው የሚለውና በላያቸው ያለው ቺፕ ሁልጊዜ አይገናኝም፤ የባዮስ ማሻሻያም አይወጣላቸውም። ፕሮሰሰሩን የታደሰ፣ ሰሌዳውን ከታወቀ አምራች የሥራ ጣቢያ ኮምፒውተር ጋር እንዳለ መግዛት የተሻለ ነው።

ሜሞሪም በአብዛኛው ለመግዛት የሚደፈር ነው፤ ሁለት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። ከሰርቨር የወጣ «ሬጂስተርድ» ሜሞሪ በተራ የዴስክቶፕ ሰሌዳ ላይ አይሠራም፤ ርካሽነቱም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛው ለተመራማሪ ይበልጥ ያሳስባል። የጉግል የሰርቨር ሜሞሪዎች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት በየዓመቱ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሜሞሪ ሰሌዳዎች ስሕተት እንደሚያሳዩ፣ ስሕተቱም ከ10 እስከ 18 ወር አገልግሎት በኋላ እንደሚጨምር አሳይቷል። ስሕተት አራሚ፣ በአጠራሩ ኢሲሲ የሆነው ሜሞሪ ይህን አርሞ ይመዘግባል። አራሚ የሌለው ግን አንዷን ቢት ገልብጦ ዝም ሊል ይችላል። ማሽኑ ቢቆም ተማሪው ያውቃል፤ አንድ ቁጥር በዝምታ ተለውጦ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ግን አማካሪውም፣ ፈታኙም፣ ራሱም ላያውቁ ይችላሉ። የተገዛ አሮጌ ሜሞሪ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሌሊት በሜምቴስት ሳይፈተሽ ዳታ ሊነካ አይገባም።

ስለ ሃርድ ዲስክ ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ገዢ የሚታለለው እዚህ ነውና። ዲስክ ስለራሱ የሚይዘው መዝገብ «ስማርት» ይባላል፤ የሠራበትን ሰዓት፣ የተተኩ ሴክተሮችንና የንባብ ስሕተቶችን ይቆጥራል። ሻጮች የዚህን መዝገብ ምስል በማስታወቂያቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ገዢም ያንን አይቶ ይረጋጋል። የጉግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጽሑፍ ሁለት ነገር ያስተምራል። በመጀመሪያ፣ በፍተሻ አንድ ስሕተት የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት 39 እጥፍ ይበልጣል። ይሁንና ከተበላሹት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠንካራ ከተባሉት አራት የስማርት ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም ነበር። የሁለቱ ድምር መልእክት ግልጽ ይመስለኛል፦ መጥፎ መዝገብ ዲስኩን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው፤ ጥሩ መዝገብ ግን ለመግዛት በቂ ምክንያት አይደለም።

መዝገቡ ራሱ ሊደመሰስም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ በጀርመን አዲስ ተብለው የተሸጡ የሲጌት የሰርቨር ዲስኮች ለሺዎች ሰዓታት ያገለገሉ ሆነው ተገኙ። የስማርት ቆጣሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ምሥጢሩን ያወጣው «ፋርም» የተባለው፣ አምራቹ ለብቻው የሚይዘውና አጭበርባሪዎቹ ያልነኩት ሌላ መዝገብ ነው። ከዲስኮቹ ብዙዎቹ በዲስክ ስፋት ይሠራ ከነበረው ከቺያ የዲጂታል ገንዘብ የወጡ እንደሆኑ ተገምቷል፤ ኩባንያውም ለሻጮቹ ያቀረበው እርሱ እንዳልሆነ አስታውቆ ምርመራ ከፍቷል። ስማርትሞንቱልስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ከ7.4 ቅጂው ጀምሮ የፋርምን መዝገብ ማንበብ ይችላል፤ የሲጌት ዲስክ የሚገዛ ሰው ሁለቱን መዝገቦች ቢያስተያይ የሰዓቱ ልዩነት ራሱ ይናገራል። በሕጋዊና በታወቁ ገበያዎች ይህ ከተፈጸመ፣ በማስታወቂያ ምስል ብቻ ከሩቅ መግዛት ምን ያህል ዕውር ግዢ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ከሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ከተራራው ከፍታ ጋርም ጠብ የለውም። መዝገቡ የተጻፈበትን መጠንና የቀረውን ዕድሜ በመቶኛ ያሳያል። ይሁን እንጂ በጉግል የመረጃ ማዕከላት በነበሩ ፍላሽ ዲስኮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2016 የቀረበ ጥናት፣ ከተጻፈበት መጠን ሌላ ዕድሜው ራሱ ለስሕተት መብዛት ምክንያት እንደሚሆን አሳይቷል። «ብዙ አልተጻፈበትም» የሚለው ማባበያ እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። ሐሰተኛ የመያዣ መጠን የሚያሳዩ ዕቃዎችም አሉ፤ ኤፍ3 የተባለው መሣሪያ ዕቃውን ሙሉ በሙሉ ጽፎና መልሶ አንብቦ ያጋልጣቸዋል።

ግራፊክስ ካርድ የተማሪ ሁሉ ምኞት ሆኗል። መስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ኢቴርየም አሠራሩን ሲለውጥና በግራፊክስ ካርድ ማዕድን ማውጣት ሲያበቃ፣ ለወራት ቀንና ሌሊት የሠሩ ካርዶች ወደ ገበያ ጎረፉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ማራገቢያቸው ከተቀየረ ጥሩ ይሠራሉ። የሚያሰጋው ባዮሳቸው ተነክቶ በሌላ ስም የሚሸጡት አሮጌ ካርዶች ናቸው፤ ጂፒዩ-ዜድ የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሐሰተኛ የኤንቪዲያ ካርዶችን ለይቶ ያስጠነቅቃል። ሌላው ወጥመድ ማጭበርበር የሌለበት ነው። ቴስላ ኬ80 «24 ጊጋባይት» ተብሎ በጣም ርካሽ ይሸጣል። እውነቱ ግን ካርዱ እያንዳንዳቸው 12 ጊጋባይት ያላቸው ሁለት ቺፖች መሆኑ፣ የራሱ ማራገቢያ የሌለው መሆኑና 300 ዋት የሚፈጅ መሆኑ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ኩዳ 12 ያንን የቺፕ ትውልድ መደገፍ አቁሟል። ካርዱ በአካሉ ጤነኛ ነው፤ ዛሬ የሚጻፉትን የማሽን ለርኒንግ ፕሮግራሞች ግን አዲስ ቅጂያቸውን ማስኬድ አይችልም። የታደሰ ዕቃ ሲገዛ የሃርድዌሩ ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የሶፍትዌር ድጋፉ የሚያበቃበት ጊዜም አብሮ መታየት አለበት።

ፓወር ሰፕላይ፣ የዩፒኤስና የላፕቶፕ ባትሪ ያገለገለ አይገዛም። የፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር በየ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ እንደሚያጥር መሐንዲሶች በግርድፉ ያሰላሉ፤ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚቆራረጥበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ከተማ ደግሞ ሲሞት ሌላውን ይዞ ይሞታል። ለብቻው የተላከ የሊቲየም-አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫን ተከልክሏል።

ከፍታው የሚጨምረው

በ3,200 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ከሚዞረው ሰሌዳ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ርቀት የሚንሳፈፈው በአየር ትራስ ላይ ነው። ዲስኩ በማጣሪያ በኩል ከውጭ አየር ጋር ስለሚገናኝ፣ አየሩ ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል፤ ራሱ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። አዲስ ዲስክ ከተወሰነለት ከፍታ በ150 ሜትር ስላለፈ ወዲያው ይሰበራል ማለት አይደለም። አምራቹ ግን ከዚያ በላይ ዋስትና አይሰጥም፤ ታሪኩ የማይታወቅ አሮጌ ዲስክ ሲሆን ደግሞ አንዱ ጥርጣሬ በሌላው ላይ ይደረባል። በሂሊየም ተሞልተው የታሸጉት ትላልቅ ዲስኮች የውስጥ ጋዛቸው ከውጭው አየር ስለማይገናኝ ለዚህ ችግር ያን ያህል አይጋለጡም።

ሁለተኛው ጉዳይ ማቀዝቀዝ ነው። ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን በይዘት ያው ነው፤ በክብደት ግን ሢሶ ያህል ይቀንሳል፤ ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ክብደቱ ነው። አሽሬ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ ኤ2 ለተባለው የሰርቨር መደብ የሚፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከ950 ሜትር በላይ ግን በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል፤ ሠንጠረዡም 3,050 ሜትር ላይ ያበቃል። በስድስት ኪሎ ከፍታ ገደቡ ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል፤ በሠንጠረዡ ጫፍ 28 ዲግሪ ይሆናል፤ ኦብዘርቫቶሪው ያለበት ከፍታ ከሠንጠረዡ ውጭ ነው። የእንጦጦ ብርድ በዚህ ረገድ ወዳጅ መሆኑን መካድ አይቻልም። ሆኖም ሦስትና አራት ማሽን በአንዲት ጠባብ የተዘጋች ክፍል ከተደረደሩ የውጩ ብርድ አይደርስላቸውም። እንደ ኬ80 ያለ የራሱ ማራገቢያ የሌለው የሰርቨር ካርድ በተራ የዴስክቶፕ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በዚህ አየር እንዲቀዘቅዝ መጠበቅ ከንቱ ነው። በዚህ አካባቢ የተገዛ አሮጌ ማሽን ሙሉ ጭነት ተሰጥቶት ለጥቂት ሰዓታት ሲሠራ የፕሮሰሰሩን ሙቀትና ፍጥነቱን የሚቀንስ መሆኑን መመዝገብ ከሙከራዎች ሁሉ ቀዳሚ መሆን አለበት።

ከሩቅ ማየት፣ ከቅርብ መፈተሽ

እስካሁን የተባለው ወደ አንድ መካከለኛ መንገድ ያመራል። በአዲስ አበባ በቴሌግራም ቻናሎችና እንደ ጂጂ ባሉ ገጾች የሚያስተዋውቁ ብዙ ነጋዴዎች ሱቅ አላቸው። ዕቃው በኢንተርኔት ይመረጣል፤ ገንዘቡ ግን ከሱቁ ከተፈተሸ በኋላ ይከፈላል። አንድ ተማሪ ሊኑክስ የሚነሳበት ፍላሽ ይዞ ቢሄድ፣ የዲስኩን መዝገብና የሜሞሪውን መጠን በአሥር ደቂቃ ያያል፤ ሻጩ ፈቅዶ ግማሽ ሰዓት ከሰጠው ማሽኑን በሙሉ ጭነት ያስኬዳል። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ ባይገዛ ይሻላል። ዋጋው ከውጭው የኢንተርኔት ዋጋ ከፍ ማለቱ የታወቀ ነው፤ ከላይ በተሰላው መሠረት ግን ከ90 ዶላሩ ጋር ሳይሆን ከ150ው ጋር ነው ሊነጻጸር የሚገባው።

ሕጉም ለቅርቡ ግዢ ይበልጥ ያግዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ያገለገለን ወይም የታደሰን ዕቃ አዲስ አስመስሎ መሸጥንም ይከለክላል። መብቱ የሚሠራው ግን ደረሰኝ ላለው ሰው ነው። በደረሰኙ ላይ የዕቃው መለያ ቁጥርና «ያገለገለ» ወይም «የታደሰ» መሆኑ እንዲጻፍ መጠየቅ ትንሽ ድፍረት ይፈልጋል፤ ነጋዴው ደረሰኝ ሲባል ዋጋ የመጨመር ልማድ እንዳለውም አይዘነጋም።

ገዢ የነበረ ሰው ውሎ አድሮ ሻጭ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ የአሜሪካ ጥናት ሁለት ተመራማሪዎች 158 ያገለገሉ ዲስኮች ገዝተው ከሠሩት 129 ውስጥ መረጃቸው በአግባቡ የተደመሰሰው 12 ብቻ መሆናቸውን አግኝተዋል። በዲስኩ ላይ የቃለ መጠይቅ ድምፅ ወይም የታካሚዎች ቅጽ ያለው ተማሪ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ አይደለም። ፋይልን መሰረዝም ሆነ በፈጣኑ ፎርማት ማድረግ ዳታውን አያጠፋም። ሃርድ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ተጽፎበት ይደመሰሳል፤ ኤስኤስዲ በራሱ የመደምሰሻ ትእዛዝ ይጸዳል፤ ከመጀመሪያው ቀን የተመሰጠረ ዲስክ ግን ቁልፉ ሲጠፋ ይበቃዋል። ፈጽሞ የሞተው ክፍል በ2010 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 ይመለከተዋል፤ በአቃቂ ለዚሁ የተቋቋመ የመፈታቻ ማዕከል አለ። እስከዚያው ግን በመርካቶ ምን አለሽ ተራ የሞተውን ሰሌዳ በኪሎ የሚገዛ ሰው አይጠፋም።